የካሣዬ እጅ

ጌታሁን ጊታሩን አንገቱን ይዞ ከሥራ ክፍሉ ሲያወጣው፣ ማዘንጊያ ግቢው ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ የአንዲት የማታውቃትን ሴት ለቅሶ ታዳምጥ ነበር። ሴትየዋ ከኦምዱርማን ሐፍላ በሚሉት አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ድልድይ ተሻግራ የመጣች ናት። ከዓመታት በፊት ካሣዬ ቁምሣጥን ሠርቶላት ነበር አሉ። የምታለቅሰው እጁን ነው፤ ያንን እንጨት እንደ ሐር የሚያለሰልስ እጁን በሙሾ እያነሳች ደረቷን ትመታለች፣ ሌሎቹም ይቀበሏታል። ማዘንጊያ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ባሏ ከሞተ ሁለተኛ ቀኑ ነው። እንባዋ የቀብሩ ዕለት አልቆ አሁን የቀራት ድካም ብቻ ነበር።

ጌታሁን ጎረቤት ነው። እዚሁ ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር ሱቅ አለው፤ ለቅሶ በደረሰበት ቤት ሁሉ ድንኳን የሚተክል፣ ወንበር የሚያመላልስ ደግ ሰው ነው። ለቀስተኛው በዝቶ ጥላ ስለጠፋ የሟቹን የሥራ ክፍል ባዶ አድርጎ ፍራሽ ሊያነጥፍበት ተነሳ። ለቅሶ ቤት እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ቤቱ ይገለበጣል፣ ዕቃው ይወጣል፣ ከሰባት በኋላ ማንኪያ ፍለጋ ሦስት ጎረቤት ይዞራል። ጌታሁን ሞርሳውን፣ መጋዙንና የሙጫውን ቆርቆሮ በር ሥር ከመረ። ጊታሩን ግን እንዳይሰበር ሰግቶ ለብቻው ወሰደውና ፀሐይ ላይ፣ የግቢው ግድግዳ ላይ አስደግፎት ሄደ።

ጊታሩ ገና ቅባት ያልነካው፣ ክር ያልተወጠረበት ራቁት እንጨት ነበር። የካርቱም የሰኔ ፀሐይ እንዲህ ያለውን እንጨት በአንድ ሰዓት ውስጥ ትሰነጥቀዋለች። ካሣዬ የተጣበቀ ጊታር በውሃ የሚሠራው የአየር ማቀዝቀዣ ካለበት የሥራ ክፍሉ አያወጣም ነበር፤ መብራት የጠፋ ቀን አጠገቡ እርጥብ ጆንያ ይሰቅልለታል። ማዘንጊያ ከፍራሹ ተነሳች። ሴቶቹ ራሷን ልትጥል መስሏቸው ሦስት ሆነው ያዟት።

«ጊታሩ ፀሐይ ላይ ነው» አለቻቸው።

ይህን ሲሰሙ ባሰባቸው። ሐዘን አእምሮዋን ነካው ተባለ። ሱዳናዊቷ ጎረቤቷ ሉጥፊያ «ሞያ፣ ሞያ» እያለች ውሃ ልታመጣ ሮጠች። ማዘንጊያ ከእጃቸው ወጥታ ሄደችና ጊታሩን አነሳችው። ያየችው ወደ ጥላው ልታዞረው ስትል ነው።

የጠዋቷ ፀሐይ ግድግዳውን ታክካ በጎን ነበር የምትመጣው። ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ይሸነግላል፤ ሁሉን ለስላሳ ያስመስላል። ከጎን የመጣ ግን ፀጉር የምታህል ጭረት እንኳ ብትኖር ጥላ ሰጥቶ ያወጣታል። በጊታሩ ጀርባ ላይ የነበረው ጭረት ብዛቱ አይጣል ነው። በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ የሄደ አንድም የለም፤ ሁሉም አግድም ነው፣ አንዳንዱም ክብ ክብ፣ ድመት የቧጠጠው ይመስላል። ከታች በኩል ደግሞ አንዱ ቦታ ከልክ በላይ ታሽቶ ጎድጉዷል። ማዘንጊያ የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማየት አላስፈለጋትም። ካሣዬ ብቻውን ሆኖ ሊያለሰልሰው ሞክሮ ነበር።

እዚህ ላይ በዚያ ለቅሶ ከተቀመጡት መሃል የማያውቁት የሚበዙትን ነገር መናገር ያስፈልጋል። ያ ሁሉ ሰው የሚያለቅስለት ለስላሳ እጅ የካሣዬ አልነበረም። የማዘንጊያ ነበር።

* * *

ካሣዬ ለሃያ ዓመት የበርና የአልጋ አናጢ ነበር። አንድ ቀን አንድ የሠርግ ዘፋኝ አንገቱ የተሰበረ ጊታር ይዞበት መጣ። እጠግናለሁ ብሎ ሲፈታው፣ ያን ያህል ድምፅ የሚያወጣ ነገር ውስጡ ባዶ ሆኖ አገኘው። ሳምንቱን ሙሉ ስለሱ ብቻ አወራ። ከዚያ ወዲያ ካፉሪ ካሉት ቪላዎች የሚጣሉትን የማሆጋኒ ቁምሣጥኖች እየሰበሰበ ለጀርባና ለጎን ያስቀምጥ ጀመር። ለፊቱ የሚሆነውን የፈረንጅ ጥድ ካገኘበት ያመጣል፤ አንድ ጊዜ ከፈረሰ ፒያኖ ውስጥ ሁሉ አውጥቶ አምጥቷል።

ሲለካ ጻድቅ ነው። እንጨት አርጥቦ በጋለ ብረት ላይ ሲያጎብጥ፣ ሙጫ ቀብቶ ሲያስር ትዕግሥቱ አያልቅም። ብርጭቆ ወረቀት ሲይዝ ግን ሐፍላ ሊያመልጠው የደረሰ ሰው ይሆናል። አግድም ይፈገፍጋል፣ ከሻካራው ወረቀት መካከለኛውን ዘሎ ወደ ልሙ ይገባል፣ ከዚያ «ደህና ሆኗል» ይላል። ሁለተኛውን ጊታር ሲያበላሽ ማዘንጊያ ማየት አቅቷት ወረቀቱን ከእጁ ነጠቀችው። እሷ ካፉሪ በሰው ቤት ስድስት ዓመት የብር ዕቃ ስትወለውል የኖረች ናት፤ ልስላሴ በችኮላ እንደማይመጣ ታውቃለች።

ወረቀቱን በቡሽ ላይ ጠቅልላ፣ ከሻካራው ቁጥር ወደ ልሙ ደረጃ በደረጃ እየወረደች፣ አንዱ የተወውን ጭረት በሌላው እያጠፋች፣ ሁልጊዜ በጅማቱ አቅጣጫ ታሸዋለች። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርገዋለች። እርጥበቱ የተኛውን የእንጨት ፀጉር ያስነሳዋል፤ ሲደርቅ እንደገና ታሸዋለች። ይህ ካልተደረገ ቅባት ሲነካው ያ ፀጉር ቆሞ ፊቱን የዶሮ ቆዳ ያስመስለዋል። የምትሠራው ግቢው ውስጥ ኒሙ ዛፍ ሥር፣ ነፋሱን ከጀርባዋ አድርጋ፣ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ አስራ ነው። በአንድ ቀን አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት፤ ከዚያ በላይ እንጨቱም ሰውም ይሰለቻል። ጦርነቱ ወደ ገዳሪፍ ያሰደዳቸውን ጊዜ ሳንቆጥር፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሃያ ሦስት ጊታር፣ በመሃሉም አንዳንድ ቁምሣጥን፣ እንዲህ አድርጋ አለሰለሰች።

የተዘጋጀውን ጊታር የሚቀባው ሙሄዲን ነው። ኦምዱርማን ገበያ ውስጥ ጎማላካ የሚሉትን ቅባት በስፒርቶ አሟሙቶ፣ በጨርቅ እየደጋገመ እያሸ እንጨትን መስተዋት የሚያደርግ ሽማግሌ ነው። ዘፋኞቹ ጊታር የሚያዙት በእሱ በኩል ነው፤ የሚያምኑትም የእሱን ቃል ነው። ሥራ ሲረከብ ዐይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን በእንጨቱ ላይ ያሳልፋል። ከዚያ «ያ ካሣይ፣ እጅህ ሐሪር ነው» ይላል። ካሣዬም «ከእግዚአብሔር ነው» ብሎ ይመልሳል። ማዘንጊያ ሻይ ይዛ በር ላይ ትቆማለች።

ሙት ወቃሽ አያድርገንና ካሣዬ ተንኮለኛ አልነበረም። መጀመሪያ መናገር አፈረ፤ ከዚያ ዘገየ፤ ከዘገየ በኋላ ደግሞ መናገሩ ከበፊቱ የባሰ የሚያሳፍር ሆነ። ብዙ ሰው የሚጠመደው በእንዲህ ያለ ነገር ነው። ማዘንጊያም ዓመታቱን ስቃ አሳለፈችው። ባለፈው ዐቢይ ጾም ግን ትከሻዋ መያዝ ጀምሮ፣ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ ጠፍቷት በከረመችበት ሰሞን፣ ያንኑ «ከእግዚአብሔር ነው» ደግማ ሰማች። ሙሄዲን እንደወጣ የሻዩን ሰሐን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲያው የሚቀጥለውን እሱ ይፈግፍግልህ» አለችው።

«ማን?»

«እግዚአብሔር።»

ካሣዬ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነበር። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ብርጭቆ ወረቀት አልነካችም። ሁለት ጊዜ ለመናት፣ ሁለት ጊዜም ትከሻዬን አሞኛል አለችው። ሦስተኛ አልጠየቃትም።

* * *

ሣልስቱ አለፈ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሄዱ። ሉጥፊያና የሰፈሩ ሱዳናውያን ሴቶች በትልልቅ ትሪ ምግብ እያመጡ ባዶውን እየወሰዱ ዋሉ። ወንዶቹ ድንኳኑ ውስጥ ስለ ኢቃማ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ወረቀትና ስለ ካህረባ፣ ስለ መብራቱ መጥፋት ያወራሉ፣ ማን ከግብፅ እንደተመለሰ፣ ማን እንደቀረ ይነጋገራሉ። የመጣ ሁሉ እንዴት እንደሞተ ይጠይቃታል፤ ማዘንጊያም ሐኪሞቹ ልቡ ነው እንዳሉ፣ ጠዋት ደረቴን ብሎ ከሰዓት እንዳለፈ ትናገራለች። ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ ተናገረችው። በመጨረሻ የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ እስኪመስላት ድረስ አፏ ለመደው።

ያልተናገረችው ሌላ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ካሣዬ ያንን ማቀዝቀዣ ያለበትን የሥራ ክፍል ዘግቶ ይውል ነበር። ሲወጣ ቅንድቡ ነጭ ነው፣ የአፍንጫው ጫፍ ነጭ ነው። አፉን ሳይሸፍን፣ መስኮት ሳይከፍት፣ የዚያን ሁሉ እንጨት ዱቄት እየማገ ነበር። ያስላል። እሷ ዝንጅብል አፍልታ ትሰጠዋለች፣ እሱም ተቀብሎ ይጠጣል። ምን እየሠራ እንደሆነ ታውቅ ነበር። በመጋዝ እየቆረጠ ነው ብላ ራሷን አሳመነች እንጂ፣ የመጋዝ ብናኝና የብርጭቆ ወረቀት ዱቄት ልዩነቱን እንደሷ የሚያውቅ ሰው የለም። «አፍህን ሸፍን» ማለት ሁለት ቃል ነው። ተቀይማ ስለነበር ሁለቱን ቃል ነፈገችው።

ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ፤ ስለ ሳንባው የጠየቃቸው የለም። እሷም አልጠየቀችም፤ መልሱን ፈራችው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጌታሁን ስልክ ጆሮው ላይ እንደያዘ መጣ። ሙሄዲን ነው የደወለው። ለሥራ አትባራ ከተማ ሄዶ ሳለ መርዶውን እንደሰማ፣ ለቀብር ባለመድረሱ እንዳዘነ፣ በሰባተኛው ቀን ኢንሻአላህ ለቅሶ እንደሚደርስና ጊታሩንም እንደሚወስድ ነገረው። ካሣዬ ከመሞቱ በፊት ደውሎ አልቋል፣ ና ውሰድ ብሎት ነበር። ያዘዘው ሰው እየጠበቀ ነው።

ማዘንጊያ ይህን ስትሰማ ድካሟ ለአፍታ ለቀቃት። ያ አውራ ጣት በዚያ ጀርባ ላይ ሲያልፍ ታያት። ሽማግሌው ዐይኑን ይገልጣል። ከዚያ የካሣዬ እጅ ከካሣዬ በፊት ሞቶ ኖሯል ይላል፤ ወይም፣ ብልህ ሰው ነውና፣ ሃያ ሦስቱን ማን ሠራቸው ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ወሬ ከኦምዱርማን ጀሪፍ ለመድረስ ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅበትም፤ እነዚህ ሁሉ ሰዎች እጁን እያነሱ ያለቀሱለት ሰው፣ ለቅሶው ሳያልቅ መሳቂያ ይሆናል። ሦስት ቀን ቀርቷታል።

* * *

ጊታሩን ያስገባችው ጓዳ ነበር፤ ጠባብ ነው፣ ጠዋትና ወደ ማታ ፀሐይ በትንሿ መስኮት በጎን ትገባበታለች። ለሴቶቹ ጥቂት ብቻዬን ልሁን አለቻቸው። ለባል ሐዘንተኛ ይህን የሚከለክል የለም። ሻሿን አፍና አፍንጫዋ ላይ አሰረች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አደረገችና ጊታሩን በፊቱ አስተኛችው። ትከሻዋ ገና ሳትጀምር ታመመ።

በጀርባው ጀመረች። ልሙ ወረቀት እዚህ ምንም አይሠራም፤ ጭረቱን ያብረቀርቀው እንደሆነ እንጂ አያጠፋውም። ወደ መቶ ሃያ ቁጥር ተመልሳ፣ ከአንገቱ ሥር እስከ ታች፣ በጅማቱ አቅጣጫ፣ ሳታቋርጥ፣ ሳትጫን አሸችው። የጎደጎደውን ቦታ መሙላት አይቻልም። የምትችለው ዙሪያውን ቀስ በቀስ እያሳሳች ጣት እንዳይነቃበት ማድረግ ነው። በየጥቂቱ አውራ ጣቷን ጭና የእንጨቱን ስስነት ትለካለች፤ ካሣዬ እዚህ ላይ ከልክ በላይ በልቶታል፣ ትንሽ ብታበዛ ይበሳል። አንዳንዴ ጭረቱን ስታየው እንዴት እንደተቀመጠ፣ በየትኛው እጁ እንደደገፈው ታውቀዋለች። ክብ ክቡ ላይ ደክሞት ነበር። ይህን ስታውቅ ነደደችበት፤ እስቲ ምን አለበት ሦስተኛ ቢጠይቅ ብላ። ከዚያ በራሷ ነደደች።

ድምፁ በበሩ ስንጥቅ ይወጣል። ሽው፣ ሽው፣ ጥቂት ዕረፍት፣ ከዚያ ደግሞ ሽው። ሉጥፊያ ግድግዳው ሥር ትሪ ስታጥብ ሰማችውና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሚስኪኗ አፍና እየተንሰቀሰቀች ነው ብላ ለሴቶቹ ነገረቻቸው። ሴቶቹም ጆሯቸውን አቁመው አዳመጡ፤ አንዷ እንዲህ አድርጎ የሚያስለቅስ ባል ማግኘትም ዕድል ነው አለች። አምስተኛው ቀን ላይ የማዘንጊያ ሐዘን በሰፈሩ ምሳሌ ሆነ።

ያላመኑት እትዬ እጅጋየሁ ብቻ ነበሩ። የካሣዬ ታላቅ እህት ናቸው። ሃያ ዓመት ካርቱም በሰው ቤት ሠርተዋል፣ የሚያለቅስ ሰውና የሚሠራ ሰው ትንፋሽ ለይተው ያውቃሉ። አምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሳያንኳኩ ገቡ።

«ሴቶቹ እያለቀሰች ነው ይሉኛል» አሉ። «አንቺ እንጨት ትፈገፍጊያለሽ። የወንድሜ አፈር ገና አልደረቀም፣ ማዘንጊያ።»

«በሩን ይዝጉት፣ እትዬ። ዱቄቱ ወደ ሰው ይወጣል።»

ዘጉት። ማዘንጊያ ጊታሩን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ግማሹ ጀርባ ተጠናቋል፣ ግማሹ ገና ነው። ብርሃኑ በጎን ሲያርፍበት አንዱ ወገን ጸጥ ያለ ነው፣ ሌላው ወገን በጭረት ተሞልቷል። እትዬ እጅጋየሁ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ የሱ ነው?» አሉ በጭረቱ በኩል እያመለከቱ።

«የሱ ነው።»

«ያኛው ያንቺ።»

ማዘንጊያ ቀና አለች። ይህኛው ጥያቄ አልነበረም።

እትዬ እጅጋየሁ ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ከፋሲካ በፊት ካሣዬ ኦምዱርማን ድረስ መጥቶባቸው እንደነበር ነገሯት። አኩርፋኛለች፣ መጥተሽ አስታርቂኝ ሊላቸው ነው የመጣው። በምን ቢሉት አንገቱን ደፍቶ፣ ሃያ ሦስቱንም ያለሰለሰቻቸው እሷ ናት፣ ለሰው አልተናገርኩም አለ። እሳቸውም ተቆጥተው ተናገሩት። ለዳግማይ ትንሣኤ እመጣለሁ ብለው ቃል ሰጡት። ያ ሳምንት አለፈ፣ ሌላው ተከተለ፤ ሐፍላው ሩቅ ነው፣ ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ያላ ነገ ያላ ነገ ሲሉ መርዶው ቀደማቸው።

«ይቺኛዋን ጊታር ሙሄዲን ሲወስድ እነግረዋለሁ ብሎኝ ነበር» አሉ።

«ይነግረው ነበር?»

እትዬ እጅጋየሁ ወንድማቸውን ያውቁታል። ሞተ ብለው አልዋሹለትም። «እንጃ» አሉ። «ልቡ ደግ ነው። ግን እንጃ።»

 ውጪ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው ያስላል። ማዘንጊያ ቡሹን አንስታ የወረቀቱን ጠርዝ አስተካከለች፤ እትዬ እጅጋየሁ ግን አልተነሱም።

«ሰውየው ሲመጣ አንቺ ንገሪው» አሏት። «አሥራ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም። እኔ ምስክር እሆንሻለሁ።»

ማዘንጊያ ወደ እንጨቱ አጎንብሳ መፈግፈጓን ቀጠለች። አሮጊቷ ወጡና፣ ወንበር አስመጥተው ከጓዳው በር ፊት ለፊት ተቀመጡ። ለመጣች ሴት ሁሉ ተዉአት፣ እያለቀሰች ነው፣ ይውጣላት ይሉ ጀመር። በውሸታቸው የካሣዬ እህት መሆናቸው ያስታውቃል።

* * *

በስድስተኛው ቀን ፊቱ ላይ ደረሰች። የፈረንጅ ጥድ ለስላሳ ነው፣ ውፍረቱም ሦስት ሚሊሜትር አይሞላም፤ ጀርባው ይቅር የሚለውን ፊቱ ይቅር አይልም። እንደ ዕድል ሆኖ ካሣዬም ይህን ያውቅ ኖሮ ፊቱን ብዙ አልነካውም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት በሚጣበቅበት ላይ፣ በሻካራ ወረቀት አራት አምስት ጊዜ አግድም ፈግፍጎ፣ ደንግጦ የተወው ይመስላል። ጭረቱ ጥልቅ ነው።

ማዘንጊያ ወረቀቱን እዚያ ላይ አሳርፋ አነሳችው። ያ ቦታ ቅባት አይቀባም፤ ሙጫ ቅባት ላይ አይይዝምና ከቅባቱ በፊት በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል። ሻካራ ቢሆን ደግሞ ሙጫው ይወደዋል። ማጥፋት አያስፈልግም ነበር። ስለማያስፈልግም አላጠፋችው፤ ሌላ ምክንያት አለኝ ብላም ለራሷ አልተናገረችም። ፕላስተሩን በልኩ ቆርጣ ለጠፈችበት፣ ጠርዞቹን በጥፍሯ አስተኛቻቸው። እዚህ ላይ ነው እንባዋ የመጣው። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ራቁት እንጨት ላይ እንባ ቢንጠባጠብ ያው ውሃ ነው፣ በነጠብጣቡ ልክ ፀጉሩን አስነስቶ ምልክት ይተዋል። ስለዚህ ማዘንጊያ ፊቷን ወደ ጣሪያው ቀና አድርጋ፣ ጊታሩን በሁለት እጇ ወደ ጎን አርቃ፣ እስኪያልፍላት እንደዚያ ሆና አለቀሰች።

ሲያልፍላት ፊቷን ጠረገችና ጊታሩን በእርጥብ ጨርቅ አበሰችው። ማሆጋኒው ጠቆር ብሎ ነቃ፤ ወደፊት ቅባት ሲነካው የሚኖረው መልክ ለአንድ ደቂቃ ታየና ደረቀ። ፀጉሩ ተነሳ። በመጨረሻው ልም ወረቀት፣ እጅ ከመጫን ይልቅ እንደ ማባበል አድርጋ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሳለፈችበት። ዱቄቱን አልጠረገችውም፤ የጥቁሩ እንጨት ዱቄት ነጩን ፊት ያቆሽሻልና በአፏ እፍ እያለች አስወጣችው። በጎን ብርሃን አየችው። ምንም አልነበረበትም።

* * *

ሙሄዲን በሰባተኛው ቀን፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል በባለ ሦስት እግር ረክሻ መጣ። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፣ ከጾሙ ወዲህ ከስቷል። ድንኳኑ ሥር እጆቹን ዘርግቶ ለሟቹ ፋቲሐ ቀራ፣ «አልበረካ ፊኩም» ብሎ አጽናና፣ ተቀመጠ፣ ሻዩን እስከ አጋማሹ ጠጣ። ስለ ካሣዬ ጥቂት አወራ። ሰው ሲሞት ሥራውም አብሮ ይሞታል፣ እንዲህ ያለ እጅ ደግሞ ጀሪፍ ውስጥ የሚተካው የለም አለ። ከዚያ ጊታሩን ጠየቀ።

እትዬ እጅጋየሁ አወጡለት። ሙሄዲን ይዞት ወደ ግቢው በር፣ ፀሐይ በጎን ወደምትመጣበት ሄደ። ገበያ ውስጥ ሲሠራ እንደሚያደርገው መጀመሪያ አዘንብሎ አየው፤ ጀርባውን፣ ጎኖቹን፣ ፊቱን። የተለጠፈውን ፕላስተር አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ ትክክል ነው እንደማለት። ከዚያ ዐይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን አሳለፈ። የጎደጎደው ቦታ ላይ ሲደርስ ማዘንጊያ አንድ እርምጃ ቀረበች። ጣቱ እዚያ ሳይቆም አለፈ።

ዐይኑን ሲገልጥ እንባ ሞልቶታል።

«ይህ የካሣይ እጅ ነው» አለ። «ሃያ ሦስት ጊዜ ዳስሼዋለሁ። ከሺህ እጅ መሃል አወጣዋለሁ።»

እትዬ እጅጋየሁ ማዘንጊያን አዩ። ጌታሁንም ሉጥፊያም ቆመው ያዳምጣሉ። የምትናገረውን አሥራ አንድ ዓመት አዘጋጅታው ነበር፤ በአማርኛም በዐረብኛም። ሻይ ይዛ በር ላይ በቆመች ቁጥር አንድ ቃል እየጨመረች፣ አንድ ቃል እየቀነሰች አስተካክላዋለች። አሁን ምስክር አላት፣ ሰሚ አላት፣ እውነትም አላት። ተናደደች ማለት ይቻላል፤ እንዴት ሰው ጣቱ እስኪያረጅ ድረስ ዳስሶ የሚዳስሰውን አያውቅም? ግን ሽማግሌው ከልቡ ነበር የሚያለቅሰው፣ የሚያለቅሰውም ለካሣዬ ነው። ካሣዬም ለዚህኛው እንጨት፣ አፉን ሳይሸፍን፣ የቻለውን ሁሉ አድርጎበታል።

«አይዋ፣ አዎ» አለች። «የሱ ነው።»

እትዬ እጅጋየሁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሙሄዲን ጊታሩን በያዘው ብርድ ልብስ ጠቀለለና ረክሻው ውስጥ አስተኛው። ሊሰናበታት ተመልሶ እጁን ዘረጋ። የማዘንጊያ እጅ ንጹሕ ነበር፤ ጠዋት በሳሙና ታጥባዋለች። ነገር ግን የጣቶቿ ጫፍ አልቆ የሚያንሸራትት፣ መዳፏም ቡሹን ይዛ በኖረችበት ልክ የደደረ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የሚያየው በጣቱ ነው። ስለዚህ ከሊጥ ላይ የተነሳች ሴት እንደምታደርገው መዳፏን ወደ ውስጥ አጥፋ ክንዷን ሰጠችው። ሙሄዲን እጇ ሊጥ የነካ መስሎት «ማዕሌሽ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀና፣ ክንዷን ጨብጦ ሄደ።